ከአሥራ ስድስት ወር ሥራ በኋላ፦ ለኪችን ካቢኔት ገጣሚ የትኛው መሣሪያ ይቀድማል?

ከወርክሾፕ ቅጥር ወጥቼ ኪችን ካቢኔት በራሴ መግጠም ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ወር ሆነኝ። ስጀምር እጄ ላይ የነበረው ገንዘብ ሁሉንም መሣሪያ በአንዴ የሚገዛ አልነበረም፤ ስለዚህ አንዱን አስቀድሜ ሌላውን ማቆየት ነበረብኝ። አንዳንዱን በትክክል መርጫለሁ፣ አንዳንዱን ያለ ጊዜው ገዝቼ ወራት ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቼዋለሁ። አሁን በዚሁ ሥራ ሊሰማራ የሚያስብ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰውን በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ መሣሪያው የወረቀት መግለጫ ሳይሆን ስንት ጊዜ ከቦርሳ እንደወጣ፣ ምን እንዳበላሸ፣ ምን እንዳዳነ ነው የምናገረው።

በወርክሾፕ ስሠራ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ካቢኔቱ ከፋብሪካ ወይም ከወርክሾፕ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኑ ዘጠና፣ ቁመቱ 720 ሚሊሜትር፣ ሁሉም እኩል። ቤቱ ግን እንዲህ አይደለም። ወለሉ ይዘቅዝቃል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል፣ ማዕዘኑ አንድም ዲግሪ ቢሆን ይከፈታል ወይም ይጠባል። የገጣሚ ሥራ ማለት ይህን ቀጥ ያለ ሳጥን ከዚህ ጠማማ ክፍል ጋር ማስታረቅ ነው። መሣሪያ ስመርጥ አሁን የማነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ዕቃ የቤቱን ጠማማነት ያሳየኛል? ወይስ ለዚያ ጠማማነት ልክ እንድቆርጥ ያግዘኛል? ሁለቱንም የማያደርግ ከሆነ ወረፋ ይጠብቅ።

በዚህ መለኪያ ሌዘር ውሃ ልክ (ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር የሚያሰምረው) አንደኛ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት በተራ ውሃ ልክና በሜትር ነበር፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ግን ተውኩት። የዚያ ቤት የካቢኔት ረድፍ 3 ሜትር ከ40 ነው። ወለሉን በዓይን ሳየው ሰላም ይመስላል። ሌዘሩን አብርቼ ከመስመሩ እስከ ወለሉ በየግማሽ ሜትሩ ስለካ በበሩ በኩልና በመስኮቱ በኩል መካከል 23 ሚሊሜትር ልዩነት አገኘሁ። ከአንድ ጣት ወርድ የሚበልጥ ማለት ነው። ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ስደርስ የካቢኔቱ እግር ሊያጥር ከሚችለው በታች ይፈልግብኝ ነበር፤ ሙሉውን ረድፍ እንደገና ማንሳት ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከወለሉ ከፍተኛ ነጥብ ነው የሚጀመረው። እዚያ ነጥብ ላይ 150 ሚሊሜትር እግር ሲደመር 720 ሚሊሜትር ሳጥን 870 ይሆናል፤ የግድግዳው ምልክት እዚህ ላይ ይቀመጥና ከዚያ ወዲያ ያሉት እግሮች ሁሉ እየረዘሙ ይሄዳሉ። ከላዩ 38 ወይም 40 ሚሊሜትር ካውንተር ቶፕ (ካቢኔቱ ላይ የሚተኛው የሥራ ገጽ) ሲመጣ ቁመቱ 910 አካባቢ ይሆናል። ከዚህ የሚከተል ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ዞኮሎውን፣ የካቢኔቱን እግር ከፊት የሚሸፍነውን ሰሌዳ ነው። ወለሉ 23 ሚሊሜትር ከዘቀዘቀ 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዞኮሎ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ክፍተት ይተዋል። ሌዘሩን የማበራው ካቢኔቱ ከመታዘዙ በፊት በልኬት ቀን የሆነው ለዚህ ነው። ዞኮሎውን በስፋቱ አስተርፌ አዝዤ ኋላ የወለሉን ቅርጽ ቀድቼበት እቆርጣለሁ።

አረንጓዴ ብርሃን ያለውን መረጥኩ። የሰው ዓይን ከቀይ ይልቅ አረንጓዴን አጉልቶ ስለሚያይ መስኮቱ ሰፊ በሆነ ክፍል ውስጥ ቀን በቀን መስመሩ ይታየኛል። ቀዩን ለአንድ ሳምንት ተውሼ ሠርቼበታለሁ፤ ከቀትር በኋላ መጋረጃ ካልተጋረደ መስመሩን ፍለጋ ነው የሚዋለው። አረንጓዴው ባትሪ ይበላል፤ ሙሉ ቀን ሳላጠፋው ስለምውል መለዋወጫ ባትሪ ይዤ እሄዳለሁ። የእኔ ትክክለኛነት በ10 ሜትር 3 ሚሊሜትር ግራና ቀኝ ነው ተብሎ ተጽፏል። ለአራት ሜትር ረድፍ ከ1.2 ሚሊሜትር አይበልጥም ማለት ነው፤ ለኪችን ይበቃል።

ግን ወረቀቱን ማመን አይገባም፤ በስምንተኛው ወር ላይ ይህን ተማርኩ። ሌዘሩ ከመሰላል ላይ ወደቀ። ቁመናው ደህና ነው፣ መብራቱም ይሠራል፣ ራሱንም ያስተካክላል። ሆኖም ልቤ ስላላመነው ፈተሽኩት። አፈታተሹ ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ አምስት ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ይፈለጋሉ። ሌዘሩን አንደኛው ግድግዳ አጠገብ አቁሜ መስመሩን በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ በእርሳስ አሰፍራለሁ። ከዚያ መሣሪያውን ወደ ሁለተኛው ግድግዳ አጠገብ ወስጄ ከፍታውን እዚያ ካለው ምልክት ጋር አገጣጥማለሁ፤ ከዚያ መልሼ ወደ አንደኛው ግድግዳ አበራለሁ። መስመሩ የቀድሞው ምልክት ላይ ካረፈ ጤነኛ ነው። ካላረፈ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት የስህተቱ እጥፍ ነው። የእኔ 7 ሚሊሜትር አሳየኝ፤ በአምስት ሜትር ሦስት ተኩል ሚሊሜትር ይሳሳታል ማለት ነው። አስጠግኜው አሁን ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ፣ ከወደቀም ወዲያው እፈትሸዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። የሌዘሩ መስመር ራሱ ወፍራም ነው፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህላል። አንዴ የላይኛውን ጠርዝ፣ አንዴ የታችኛውን እየያዙ ምልክት ማድረግ በራሱ ስህተት ይፈጥራል። ሁልጊዜ የላይኛውን ጠርዝ እይዛለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅም እንደዚሁ ይዟል።

ሌዘር ቢኖርም ረጅሙን ውሃ ልክ አልተውኩም። 1 ሜትር ከ80 ያለው አሉሚኒየም ውሃ ልክ ሌዘሩ የማይነግረኝን ይነግረኛል፦ ግድግዳው ሆዱን የነፋው የት ላይ እንደሆነ። በአግድም አስደግፌ ሳወዛውዘው እብጠቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ጎድጓዳው ላይ ደግሞ ብርሃን በሥሩ ያልፋል። የላይኛው ካቢኔት የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ይህን ሳላደርግ አልጀምርም። ለማዕዘኑ ደግሞ ስኳድራ አይበቃም፤ ትንሽ ስለሆነ የሚያየው የማዕዘኑን ጥግ ያለውን ልስን ብቻ ነው። በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲሜትር፣ በሌላው 80 ለክቶ ምልክት ማድረግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን መለካት ይሻላል። ልክ 100 ሴንቲሜትር ከመጣ ዘጠና ዲግሪ ነው። ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ካነሰ ጠብቧል። ቦታ ካለ 120፣ 160 እና 200 እያደረጉ መለካት የበለጠ ያስተማምናል።

ሁለተኛው፣ በጣም የምወደውም፣ ባለ ሀዲድ መጋዝ ነው፤ ፓነሉ ላይ በተዘረጋ ሀዲድ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከእሱ በፊት የጎን ፓነሎችን በክብ መጋዝና በሞርሳ (አጣብቆ በሚይዝ ማሰሪያ) በታሰረ ቀጥ ያለ ጣውላ ነበር የምቆርጠው። ሚላሚን (ጠንካራ ስስ ልባጥ) የለበሰ ቺፕውድ (የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ደግሞ ይቅርታ አያውቅም፤ ጥርሱ የነካው ጠርዝ ይሸራረፋል፣ ነጭ ላይ ቡናማው ቺፕ ብቅ ይላል። ደንበኛው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

የሀዲዱ ብልሃት ያለው ጠርዙ ላይ በተለጠፈችው የጎማ ክር ላይ ነው። አዲስ ሀዲድ ሲገዛ ክሯ ከልኳ ተርፋ ትወጣለች፤ የመጀመሪያው ቆረጣ ራሷን ክሯን ይቆርጣታል። ከዚያ በኋላ የክሯ ጠርዝ ማለት መጋዙ የሚያልፍበት መስመር ማለት ነው፤ ምልክቴ ላይ አስተኝቼ መቁረጥ ብቻ ነው፣ የመጋዙን ወርድ ማስላት የለም። ክሯ ሚላሚኑን ከላይ ተጭና ስለምትይዘው አይሸራረፍም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክሯ የምትጠብቀው ሀዲዱ ያለበትን ወገን ነው። ሀዲዱ የሚቀረው ቁራጭ ላይ እንጂ የሚጣለው ላይ መተኛት የለበትም። የበለጠ ጥራት ስፈልግ መጀመሪያ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ጠልቄ በቀስታ አሳልፋለሁ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ጥልቀት እቆርጣለሁ።

ከመጋዙ ጋር የመጣው ባለ 24 ጥርስ ዲስክ ለጣውላ እንጂ ለዚህ ሥራ አይደለም። ባለ 48 ጥርስ 165 ሚሊሜትር ዲስክ ገዝቼ ለሚላሚን ብቻ አደረግኩት። በአምስተኛው ወር ላይ ቆረጣው ጥቁር መስመር እየጣለ፣ እየጨሰ መጣ። ሞተሩ ደከመ ብዬ ነበር የጠረጠርኩት። ዲስኩን አውጥቼ ሳየው ጥርሶቹ ላይ የቺፕውድ ሙጫ ተጋግሮበታል። በሞቀ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፌ በጥርስ ብሩሽ ስፍቀው ግማሹ ችግር ሄደ፤ ግማሹ ግን እውነተኛ መደነዝ ነበር። የቺፕውድ ሙጫ ብረት ያደነዝዛል፤ ከተራ እንጨት ይልቅ ቶሎ ይበላል። አሁን ሁለት ዲስክ እያፈራረቅኩ አንዱ ሲሳል በሌላው እሠራለሁ።

ቅሬታዬ ስለ ሀዲዱ መጋጠሚያ ነው። ሀዲዴ 1 ሜትር ከ40 ነው፤ ለረጅም ፓነል ሁለቱን መቀጠል ያስፈልጋል። ማያያዣው ብረት ሲጠብቅ ሀዲዶቹን በትንሹ ያጣምማቸዋል። የመጀመሪያውን የማቀዝቀዣ ጎን ፓነል፣ 2 ሜትር ከ20 ቁመት ያለውን፣ በዚህ ምክንያት አበላሸሁት፤ መሃሉ ላይ ልክ መጋጠሚያው ጋ ወደ ሚሊሜትር የሚጠጋ ጉብታ ቀረ። አሁን ሁለቱን ሀዲዶች ከረጅሙ ውሃ ልክ ጋር አስጠግቼ ካስተካከልኩ በኋላ ነው ቪቴውን (ብሎኑን) የማጠብቀው። አቅም ያለው ሰው ከመነሻው አንድ ረጅም ሀዲድ ቢገዛ ይሻላል። በመኪና መጫኑ ያስቸግራል እንጂ።

መጋዙ ዋጋውን የመለሰልኝ ግን ከግድግዳ ጋር በማልበስ ሥራ ነው። የመጨረሻው ካቢኔት ከግድግዳ ጋር ሲገናኝ መሙያ ቁራጭ ይገባል። ቁራጩን ቱንቢውን ጠብቄ አቆመዋለሁ፤ ከግድግዳው ጋር የሚቀረውን ሰፊውን ክፍተት እለካና በዚያ ልክ የተቆረጠች ትንሽ እንጨት ላይ እርሳሱን አስደግፌ ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን እየታከክሁ እወርዳለሁ። የግድግዳው ቅርጽ በሙሉ ቁራጩ ላይ ይሰፍራል። ሚላሚን ላይ እርሳስ ስለማይታይ መጀመሪያ የወረቀት ስኮች እለጥፋለሁ። ግድግዳው ዘንበል ብቻ ካለ ሀዲዱን በምልክቱ ላይ አስተኝቼ መጋዙን ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘንብዬ እቆርጣለሁ። እንዲህ ሲሆን የፊቱ ጠርዝ ብቻ ነው ግድግዳውን የሚነካው፤ የኋላው ስለሚሸሽ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ግድግዳው ሞገድ ከሆነ ግን ሀዲድ አያገለግልም፤ በጂግሶው (ቀጭን ምላጩ ላይና ታች እየተመላለሰ ጠማማ መስመር የሚቆርጥ መጋዝ) ምልክቱን ሳልነካ እቆርጥና የቀረውን በትንሽ የእጅ ፒያላ (መላጊያ) አስተካክላለሁ።

ስለዚህች ፒያላ ካነሳሁ አይቀር፣ ከያዝኩት ሁሉ ርካሿና ትንሿ መሣሪያ እሷ ናት፤ በየቤቱ ሳትወጣ ግን አትውልም። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የመሙያ ቁራጩን ሦስት ጊዜ እያስገባሁ እያወጣሁ ስፍቅ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሲሊኮን ይሸፍነው የለ?» አለኝ። ይሸፍነዋል። ነገር ግን አምስት ሚሊሜትር የሆነ ሲሊኮን ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፣ ይጠቁራል፤ አንድ ሚሊሜትር የሆነው ማንም ሳያየው ይኖራል። ቁራጩን ሰጥቼው አራተኛውን ራሱ ፈቀው። ሲገባ የተሰማው ድምፅ ለእሱም መልስ ሆነው።

ድሪልና ኢምፓክት (እየመታ ቪቴ የሚያስገባ ማሽን) ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ያፈሳል። እኔም አፍስሻለሁ። ኢምፓክቱ ኃይለኛ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚገባውን ረጅም ቪቴ ያለ ልፋት ይጎርሰዋል። ለካቢኔት ውስጥ ግን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጠላት ነው። ሁለተኛው ቤቴ ላይ የማጠፊያውን ሰሌዳ (የበሩ ማጠፊያ ካቢኔቱ ጎን ላይ የሚያርፍበትን ብረት) በኢምፓክት ሳስር ቪቴው ቺፕውዱን አኝኮ ባዶውን ዞረ። ያ ቀዳዳ የተለመደው ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው፣ ከፊት ጠርዝ 37 ሚሊሜትር ገብቶ በየ32 ሚሊሜትሩ የሚደረደረው። 6.3 ሚሊሜትር ወፍራም አጭር ቪቴ ነው የሚገባበት። አንዴ ከተበላ ወፍራም ቪቴ ማስገባት ለጊዜው ነው። በ10 ሚሊሜትር ፑንታ (መሰርሰሪያ ጫፍ) ወደ ሌላው ጎን እንዳያልፍ ተጠንቅቄ ሰርስሬ፣ ዶዌል (ክብ የእንጨት ድቡልቡል) በሙጫ ከትቼ፣ ሲደርቅ እንደገና መሰርሰር ነበረብኝ። ግማሽ ቀን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለካቢኔት ውስጥ ሥራ ሁሉ ክላች (ቪቴው ሲጠብቅ መዞሩን የሚያቋርጥ ክፍል) ያለውን ድሪል ነው የምይዘው። ክላቹን ዝቅ አድርጌ እጀምራለሁ፣ ቪቴው ሲቀመጥ «ቃ» ብሎ ይለቃል። አንድ ድሪል ብቻ ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ያለው ሰው ክላች ያለውን ይግዛ፤ ኢምፓክቱ ይጠብቅ። የጫፎቹም ነገር አለ። የካቢኔት ቪቴዎች በአብዛኛው ፖዚድራይቭ ናቸው፤ በመስቀሉ መካከል ቀጫጭን አራት ጭረቶች አሏቸው። ፊሊፕስ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ የሚገባ ይመስላል፣ ግን እየተንሸራተተ ራሱን ይበላል። ፒዜድ ሁለት የሚል የተጻፈበትን ገዝቶ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው መፍትሔው።

ካቢኔቶችን እርስ በርስ ለማሰር ግን ከድሪሉ በላይ ሞርሳው ነው የሚያስፈልገው። ፊት ለፊት ያሉት ጠርዞች በጣት ሲዳሰሱ አንድ ሆነው እስኪሰሙ ድረስ ጎማ አፍ ባላቸው ሁለት ሞርሳዎች ከላይና ከታች አጣብቄ ነው የምሰረስረው። የቪቴው ርዝመት ሳጥኑ ከተሠራበት ውፍረት ይወሰናል። ሁለት 16 ሚሊሜትር ጎኖች 32 ይሆናሉ፤ 30 ሚሊሜትር ቪቴ ጫፉ ሳይወጣ ይይዛል። አንዴ 35 አስገብቼ የጎረቤቱን ካቢኔት ሚላሚን ከውስጥ አስፈንድቻለሁ። ደግነቱ የማጠፊያው ሰሌዳ ሸፈነው።

በር ላይ ማጠፊያ የምሰረስርበት ባለ 35 ሚሊሜትር ክብ ፑንታና ማቆሚያ ያለው መምሪያው ሌላው ዕለት በዕለት የሚያገለግለኝ ነው። ብዙ ጊዜ በሩ ተሰርስሮ ይመጣል፤ ግን አንድ በር የሚከፈትበትን ጎን መቀየር፣ ወይም ልኩ የተሳሳተን በር ቆርጦ እንደገና መሰርሰር በየሦስተኛው ቤት ያጋጥማል። የቀዳዳው መካከል ከበሩ ጠርዝ 22 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 12.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በሩ 16 ሚሊሜትር ከሆነ የሚቀረው ሦስት ተኩል ብቻ ነው፤ የፑንታው ሹል ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ማቆሚያውን በዓይን ሳይሆን በብጣሽ ቺፕውድ ላይ ሞክሬ ነው የማጠብቀው። በሩ ፊቱ ላይ አንዴ ሹሉ ብቅ ካለ ያ በር አለቀለት።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። በሚሽከረከር ቢት (መቁረጫ ጫፍ) የሚቆርጠውን ትልቁን ራውተርና የካውንተር ቶፕ መቁረጫ መምሪያውን በመጀመሪያው ወር ገዛሁ። ከባዱ፣ ውዱ፣ ባለሙያ የሚያስመስለውም እሱ ስለሆነ ሳይኖረኝ ሥራ የማገኝ አልመሰለኝም። ሰባት ወር ሳይነካ ተቀመጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ያገኘኋቸው ሥራዎች ካውንተር ቶፓቸው ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲሆን ለኪው፣ ቆራጩም፣ ገጣሚውም ሌላ ነው፤ የእኔ ድርሻ ካቢኔቱን ልክ በሌዘር መስመር ላይ አስቀምጦ መስጠት ነው። በዚያ ገንዘብ ረጅሙን ሀዲድና ጥሩ አቧራ መሳቢያ መግዛት እችል ነበር።

ሥራው ሲመጣ ግን ራውተሩ ምትክ የለውም፤ ይህንንም መመስከር አለብኝ። ላሚኔት (ስስ ልባጥ የለበሰ ቺፕውድ) ካውንተር ቶፕ ማዕዘን ላይ ሲገጥም በ12.7 ሚሊሜትር ቢት፣ በ30 ሚሊሜትር መሪ ቀለበት፣ በመምሪያው ውስጥ ነው የሚቆረጠው። 38 ሚሊሜትሩን በአንድ ጊዜ መቁረጥ አይሞከርም፤ በየአንዳንዱ ዙር ከአሥር ሚሊሜትር ሳላልፍ አራት አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ጥልቀት አንድ ስስ ዙር አሳልፋለሁ። ቢቱ ሁልጊዜ ከተጠቀለለው የፊት ጠርዝ ነው መግባት ያለበት፤ ከኋላ መጥቶ በፊት ጠርዝ ሲወጣ ላሚኔቱን ይገነጥለዋል። ለዚህ ሲባል አንዱን ክፍል ገልብጦ በጀርባው መቁረጥ ግድ ይሆናል። እዚህም የቤቱ ማዕዘን ወሳኝ ነው፤ ያ የ60 እና 80 ልኬት 100 ካልሰጠኝ መምሪያውን በዚያው መጠን አዛንፋለሁ። ሳላዛንፍ ብቆርጥ መጋጠሚያው ያማረ ይሆናል፣ ካውንተር ቶፑ ግን ከግድግዳው ይርቃል።

የሲንክ ቀዳዳን በጂግሶው ነው የምቆርጠው፤ ጥርሱ ወደ ታች የሚቆርጥ ላማ (ምላጭ) ከሆነ ላዩ አይሸራረፍም። ከተቆረጠ በኋላ ጥሬው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ሲሊኮን ወይም ቫርኒሽ ሳይጠጣ ሲንክ አይቀመጥበትም። ውሃ የጠጣ ቺፕውድ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም።

የሚንቀጠቀጠው ባለ ብዙ ሥራ መቁረጫ ላይ ብዙ አልቆይም። ቧንቧና ሶኬት ባለበት ካቢኔት ጀርባውን ለመክፈት፣ ሴራሚክ ሥር የቀረ ዞኮሎን ለመንቀል ከእሱ የተሻለ የለም። ዘሩ ከሕክምና ነው የሚመዘዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሆመር ስትራይከር ቆዳ ሳይቆርጥ ጀሶ የሚቆርጥ የሚንቀጠቀጥ መጋዝ ሠራ። በስሱ እየተንቀጠቀጠ ስለሚሄድ ነው ግድግዳ ጥግ ሳያፈነጥር የሚሠራው። ችግሩ ላማው ነው፦ ቶሎ ያልቃል፣ ውድ ነው። እኔ የምጠቀምበት በቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ መጀመሪያ መግዛት የለበትም፣ ሳይገዙትም ብዙ መቆየት አይቻልም።

አቧራ መሳቢያውን አዘግይቼ የገዛሁት ያሳዝነኛል። ወራት ሙሉ መጋዙ ሥር ባለችው ጨርቅ ከረጢት ነበር የምሠራው፤ ማታ ማታ አፍንጫዬ ይደፈን፣ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት በአንደኛው ምድብ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በቺፕውድ ሙጫ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድም እዚያው ምድብ ውስጥ ገብቷል። ይህን እያወቅኩ ነበር የምዘገየው። አሁን መጋዙም፣ ራውተሩም፣ ጂግሶውም ቱቦ ካልተሰካባቸው አይበሩም። መጋዙ ላይ ከአቧራው አብዛኛውን ይስበዋል፤ ጂግሶው ላይ ደካማ ነው፣ ስለዚህ ጭምብል አላወልቅም። ቤቱ ውስጥ ሰው እየኖረበት ስንሠራ ደግሞ ነገሩ የእኔ ሳንባ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ሕፃን ይዘው ከጎረቤት ክፍል ሆነው፣ «አቧራው አይመጣም አይደል?» ሲሉኝ የምመልሰው መልስ ሊኖረኝ ይገባል።

ግድግዳ ከመሰርሰሬ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦና ቧንቧ ጠቋሚ አሳልፋለሁ። እርጥብ ልስን ላይ ይወላውላል፣ ሴራሚክ ላይም አንዳንዴ ያደናግራል፤ ስለዚህ እሱ «የለም» ቢልም ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አልሰረስርም። መብራቱንም ከቆጣሪው አጠፋለሁ።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር። ድሪሉን ከአንድ አምራች፣ መጋዙን ከሌላ ስለገዛሁ ሁለት ዓይነት ባትሪና ሁለት ቻርጀር ይዤ ነው የምዞረው። ሁለቱም 18 ቮልት ናቸው፣ አንዱ ሌላው ላይ ግን አይገባም። ለድሪል 2 አምፔር ሰዓት ይበቃል፣ እንዲያውም ቀላል ስለሆነ ከራስ በላይ ስሠራ እሱን እመርጣለሁ፤ መጋዝ ግን ከ5 በታች ባትሪ ሲሰጡት ያቃስታል። አዲስ ሰው ድሪሉን ከመግዛቱ በፊት ነገ የሚገዛው መጋዝና ጂግሶው በዚያው ባትሪ የሚሠራ መሆኑን ይይ።

ዛሬ እንደገና ከዜሮ ብጀምር ሌዘሩን፣ ረጅሙን ውሃ ልክ፣ ክላች ያለውን ድሪል፣ አራት ሞርሳና ፒያላዋን በመጀመሪያው ቀን እገዛለሁ። ከመጀመሪያው ክፍያ ባለ ሀዲድ መጋዙን ከአቧራ መሳቢያው ጋር፣ ሁለቱን ሳልለያይ። ከዚያ ጂግሶውንና የ35 ሚሊሜትሩን መምሪያ። ራውተሩን የላሚኔት ሥራ እጄ ላይ ሲገባ ብቻ፤ እስከዚያ በኪራይ ወይም በውሰት እሠራለሁ።

በሚቀጥለው ወር የምገዛው የላይኛውን ካቢኔት የሚደግፍ ተዘርጊ ምሰሶ ነው። እስካሁን ልጁ በትከሻው ይዞልኝ እኔ አስራለሁ። ከሌዘሩ መስመር አንድ ሚሊሜትር ሲወርድ «ትንሽ ከፍ» እለዋለሁ፣ ከፍ ያደርገዋል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ይወርዳል። ምሰሶው አይደክምም፤ እሱም ትከሻው ያርፋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሌዘሩን ራሱ ያነባል።